ገጠር ላለ ትምህርት ቤት የፋይበር መስመር እንዴት ይታቀዳል?

ልጆች፣ ዛሬ ወደ ቤት ስትመለሱ እናትና አባታችሁን፣ ወይም አክስትና አጎታችሁን፣ «በፕላዝማ ተምራችኋል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ የተማሩ ከሆነ ብዙ የሚያወሩላችሁ ይኖራል።

ፕላዝማ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ትልቅ ቴሌቪዥን ነበር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ተቀርጾ በሳተላይት ይላካል፤ ትምህርት ቤቱ በዲሽ ይቀበለዋል። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ላቦራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት ሙከራውን በቴሌቪዥን ያይ ነበር። ግን የቴሌቪዥኑን መምህር «ቆይ፣ አልገባኝም» ቢሉት አይሰማም። መብራት ከጠፋም የዚያን ቀን ትምህርት አመለጠ ማለት ነው። መንገዱ የአንድ አቅጣጫ ነበራ!

በሳተላይት ጥያቄ መላክም ይቻላል። ግን እነዚያ ሳተላይቶች ያሉት 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ ጥያቄው ወጥቶ ወርዶ፣ መልሱም ወጥቶ እስኪወርድ ግማሽ ሴኮንድ ገደማ ይፈጃል። ፋይበር ኦፕቲክ ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስተዋት ክር ነው። መልእክቱ ብርሃን ሆኖ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥበታል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ለመድረስ ዓይናችሁን እስክትጨፍኑ እንኳ አይፈጅበትም።

እንግዲህ ዕቅድ እናውጣ። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ከዋናው መንገድ 6 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ አንድ ትምህርት ቤት አለ እንበል። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ፋይበሩ በየት በኩል ያልፋል?» ሳይሆን «የት ላይ ይወረዳል?» ነው። ግራንድ ፕሬሪ ውስጥ በአይ-30 ስንነዳ ቤታችን በመስኮት ቢታየንም ኤግዚት እስኪመጣ መውረድ አንችልም አይደል? ፋይበርም እንደዚያ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በትላልቅ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ጫፍ ከተዘረጉት ሽቦዎች አንዳንዶቹ በሆዳቸው ፋይበር ይዘዋል፤ የቴሌኮም ድርጅቶችም ይከራዩታል። ሽቦው በትምህርት ቤቱ አናት ላይ ቢያልፍም፣ መስመር የሚወጣው መሣሪያ ካለበት ጣቢያ ነው።

ጣቢያው ዋናው መንገድ ላይ ተገኘ እንበል። አሁን 6 ኪሎ ሜትር ቦይ (ረጅም ጉድጓድ) ሊቆፈር ነው። አንድ ሰው በቀን 10 ሜትር ቢቆፍር፣ 30 ሰዎች 20 ቀን ይፈጅባቸዋል። ያውም ድንጋይ ካልገጠማቸው! ማሳቸው የሚቆፈርባቸውን ገበሬዎችም አስቀድሞ ማነጋገር ያስፈልጋል፤ እህል በበቀለበት ማን ይቆፍራል? በእንጨት ምሰሶ ማንጠልጠል ይፈጥናል፣ ይረክሳልም፤ ግን ዛፍ ሲወድቅ ወይም ረጅም ጭነት የያዘ መኪና ሲያልፍ ይበጠሳል። እኔን ብትጠይቁኝ መቅበሩን እመርጣለሁ፤ ጥገና የሚመጣው ከሩቅ ነውና። የተቀበረበትን ቦታ የሚያሳይ ካርታ ግን የግድ ነው፤ አለዚያ የመንገድ ሥራ ዶዘር አንድ ቀን ይቆርጠዋል።

አንድ ብልሃት ልንገራችሁ። ብዙውን ገንዘብ የሚበላው ቁፋሮው እንጂ የመስተዋቱ ክር አይደለም። ለትምህርት ቤቱ ሁለት ክር ቢበቃም 24 ክር ያለው ገመድ መቅበር ያዋጣል። በኋላ ጤና ጣቢያውም ቀበሌውም በዚያው ይጠቀማሉ፣ ወጪውንም ይጋራሉ።

ፋይበር ራሱ ኤሌክትሪክ አይዝም፤ በሁለቱ ጫፍ ያሉት መሣሪያዎች ግን መብራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ የፀሐይ ኃይልና ባትሪ ከመጀመሪያው ዕቅድ ውስጥ ይግባ፤ የፕላዝማው ነገር እንዳይደገም።

የወር ክፍያውንስ ማን ይችላል? እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ሕግ መሠረት «ኢ-ሬት» የሚባል ድጋፍ አለ። ለትምህርት ቤቶችና ለቤተ መጻሕፍት የኢንተርኔት ወጪያቸውን ከ20 እስከ 90 በመቶ ይሸፍናል፤ ድሃ ተማሪ የበዛበትና ገጠር ያለ ትምህርት ቤት የበለጠ ያገኛል። ወላጆች፣ የስልክ ቢላችሁ ላይ «ዩኒቨርሳል ሰርቪስ» የሚል ትንሽ ክፍያ ካያችሁ፣ ገንዘቡ የሚመጣው ከዚያ ነው። አገር ቤት ላለ ትምህርት ቤት ገንዘብ ስናዋጣ ኮምፒዩተር መግዛት ይቀናናል፤ ፎቶውም ያምራል። የሦስት ዓመት የኢንተርኔት ክፍያ ግን ፎቶ የለውምና ይረሳል።

የቤት ሥራ፦ መንገዱ 8 ኪሎ ሜትር፣ ቆፋሪዎቹ 25 ቢሆኑና እያንዳንዱ በቀን 10 ሜትር ቢቆፍር ስንት ቀን ይፈጃል? መልሱንና ከወላጆቻችሁ የሰማችሁትን የፕላዝማ ታሪክ በአማርኛ ጽፋችሁ በሚቀጥለው ቅዳሜ ለመምህራችሁ ስጡ።