ስደት ያቈሰለውን አእምሮ ማን ያክመዋል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት ዕለታት የእመቤታችንንና የተወደደ ልጇን ስደት ታስባለች። በ2006 ዓ.ም. ወርኀ ጽጌ ሳይፈጸም በሳዑዲ ዓረቢያ ለውጭ ሀገር ሠራተኞች የተሰጠው የምሕረት ጊዜ አበቃ፤ በቀጣዮቹ ወራትም ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። አብዛኞቹ የገቡት በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ዛሬም ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ከሰሚት እስከ አያት ባሉ አጥቢያዎች ከስደት የተመለሱ እኅቶችና ወንድሞች ከእኛ ጋር ያስቀድሳሉ፤ በልባቸው የተሸከሙትን ግን ሁላችንም አናየውም። ስለዚህ ስለ አእምሮ ቍስል፣ ይህን ቍስል ስለሚያክሙ ባለሙያዎች መንገድና ስለ ምእመናን ድርሻ በአጭሩ እንመለከታለን።

የአእምሮ ቍስል ምንድን ነው?

ሰው ድብደባ፣ መደፈር ወይም ሞትን በዓይኑ የማየት መከራ ሲደርስበት መላ ሰውነቱ ለመታገል ወይም ለመሸሽ ይዘጋጃል። አደጋው ካለፈ በኋላ ይህ ዝግጅት በብዙዎች ላይ ቀስ በቀስ ይበርዳል፤ በአንዳንዶች ላይ ግን አይበርድም። የበር መንኳኳት ያስደነግጣቸዋል፤ ሌሊት በቅዠት ይባንናሉ፤ ያለፈው ነገር አሁን የሚፈጸም ይመስላቸዋል፤ ከሰው ይርቃሉ፤ ደስታ ይጠፋባቸዋል። ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ ቆይተው ኑሮን ሲያውኩ ሐኪሞች ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም ይሉታል። ሕመሙ በዚህ ስያሜ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው።

ይህ የእምነት ማነስ ምልክት አይደለም። ነቢዩ ኤልያስ ኤልዛቤልን ሸሽቶ በክትክታ ዛፍ ሥር ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ ደግሞም እንዲያርፍ ተወው (1ነገ. 19)። ቃለ እግዚአብሔር የመጣለት ከዚህ በኋላ ነው።

የባለሙያው መንገድ

በሀገራችን የአእምሮ ሕክምና ለረጅም ዘመን ያረፈው በጣልያን ወረራ ጊዜ በተመሠረተው በአማኑኤል ሆስፒታል ትከሻ ላይ ነበር። በዘርፉ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሻ ሐኪም ወደ ውጭ ሀገር መሄድ ነበረበት፤ ሄደው በዚያው የቀሩም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 በመላ ኢትዮጵያ የነበሩት የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶች 11 ብቻ ነበሩ። በዚያ ዓመት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በሀገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። የቶሮንቶ መምህራን በዓመት ሦስት ጊዜ እየመጡ አንድ አንድ ወር ያስተምሩ ነበር። ከእነርሱም መካከል በአእምሮ ቍስል ሕክምና የታወቁት ዶክተር ክሌር ፔይን ይገኙበታል።

ራሳቸው ተሰደው በሰው ሀገር ወደዚህ ሙያ የሚገቡ ኢትዮጵያውያንም አሉ። መንገዳቸው ረጅም ነው። በአሜሪካ የክሊኒካል ሶሻል ወርክ ባለሙያ ለመሆን የማስተርስ ዲግሪ፣ ከዚያም በነባር ባለሙያ ክትትል ሥር የሚሠራ የልምምድ ጊዜና ፈተና ያስፈልጋል፤ ዝርዝሩ እንደየግዛቱ ይለያያል። በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛትም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥነ ልቡና ምክር የሚያክሙ ሰዎች በሕግ ይመዘገባሉ። ስደተኛው ባለሙያ ለሙያው የሚያመጣው ልዩ ስጦታ አለው፤ “ሆዴ ባባ”፣ “ራሴን ያግለኛል”፣ “ልቤ አልመለስ አለ” የምትልን እኅት ያለ አስተርጓሚ ይረዳታል። ነገር ግን የታካሚው ታሪክ የራሱን ቍስል ሊቀሰቅስበት ስለሚችል እርሱም አማካሪና ዕረፍት ያስፈልገዋል።

ሕክምናው የሚጀምረው ታካሚውን በማረጋጋት ነው። ለስደተኞች ተብሎ በተዘጋጀ አንድ የሕክምና ስልት ባለሙያው በወለሉ ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ ገመዱ የታካሚው ዕድሜ ነው። ታካሚው ደስ ላሰኘው ዘመን አበባ፣ ላሳዘነው ድንጋይ ያኖራል። በየቀጠሮውም ከልደቱ ጀምሮ ታሪኩን በቅደም ተከተል ይናገራል። ተበታትኖ የሚያስጨንቀው ትዝታ ጊዜና ቦታ ሲያገኝ ያለፈው ያለፈ መሆኑን አእምሮ ይቀበላል። ይህ ስልት በኡጋንዳ የስደተኞች ሰፈር ተሞክሮ ጠቅሟል።

ጠበልና ሕክምና

“ወይ ጠበል ወይ ሐኪም” የሚል አባባል በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቦታ የለውም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምረናል፤ ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም ነበር። በእንጦጦ ማርያም የጠበል አገልጋዮችና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ተባብረው ሕሙማንን መርዳታቸው እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት ተገልጿል። በጠበል ሰበብ የታዘዘ መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ ጉዳት ያስከትላል።

የንስሐ አባትና የሥነ ልቡና ባለሙያ አገልግሎትም አይጋጭም። ካህኑ ኃጢአታችንን ሰምቶ ይፈታናል፤ ባለሙያው የደረሰብንን ጉዳት ያክማል። በግፍ የተደፈረች እኅት ግፍ የተፈጸመባት እንጂ በደለኛ አይደለችም። በሌላው ኃጢአት ራሷን እየወቀሰች ከቅዱስ ቍርባን ርቃ ከሆነ ይህን ከንስሐ አባቷ አፍ ልትሰማው ይገባል።

የእኛ ድርሻ

ከስደት የተመለሰን ሰው “ምን ይዘህ መጣህ?” ብለን አንጠይቅ፤ የደረሰበትንም እንዲናገር አናስገድደው። መናገር በፈለገ ጊዜ ሳናቋርጥ እንስማው። ቅዠቱንና ድንጋጤውን አይተን ሁሉንም ነገር ወዲያው “መንፈስ ነው” ብለን አንፈርድ፤ ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክረን ወደ ሐኪም እናድርሰው። በምሥራቅ አዲስ አበባ የካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። “መኖር ሰለቸኝ” የሚል ሰው ካለ ብቻውን አንተወው፤ በዚያው ዕለት ወደ ሕክምና እንውሰደው።

ጌታችን በምሳሌ ያስተማረን ደጉ ሳምራዊ በወደቀው ቍስለኛ ላይ ዘይትና ወይን አፈሰሰለት፤ በእንስሳውም ጭኖ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፤ ወጪውንም ከፍሎ ተመልሶ እንደሚመጣ ቃል ገባ (ሉቃ. 10)። ሊቃውንት የእንግዶቹን ማደሪያ ቤተ ክርስቲያን ብለው ይተረጕሙታል። እንግዲህ በዚህች ማደሪያ የምንኖር ሁላችን ቍስለኛውን ተቀብለን እስኪድን ድረስ እንድናስታምመው አደራ አለብን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር