ወደ አእምሮ ሐኪም ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ መሄድ

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲሉ የተናገሩት ቃል ለማናቸውም ደዌ የሚሠራ ቢሆንም፥ ከሁሉ ይልቅ የሚሠራው ለአእምሮ ሕመም ነው። ወባን በደም ምርመራ፥ የአጥንትን ስብራት በራጅ ማወቅ ይቻላል፤ የአእምሮ ሐኪም ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረምረው የሕመሙን ታሪክ ነው። ታሪኩ ከጎደለ ምርመራውም ይጎድላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው ወደ ምንሠራበት ክፍል መጡ። «ደኅና የነበረ ልጅ ነው፤ ትናንት በድንገት ተለወጠብን» አሉ። ሲወጡ ግን የልጁ እኅት ወደ ኋላ ቀርታ፥ ወንድሟ ሦስት ሳምንት ያህል እንቅልፍ እንዳጣ፥ ጫት እንደሚያዘወትር፥ ዓምናም ሌላ ሐኪም ያዘዘለትን ክኒን ሻል ሲለው እንደ ተወ ነገረችን። አባቱ ይህን የሸሸጉት በክፋት አይደለም፤ በከተማችን «አማኑኤል ሄደ» ማለት እንደ ስድብ ስለሚቆጠር የቤታቸውን ስም ለመጠበቅ ብለው ነው። ነገር ግን ልጅቱ ባትናገር ኖሮ የምናዝዘው ሁሉ በግምት በሆነ ነበር።

ስለዚህ ከቀጠሮው ቀን አስቀድሞ የሚከተለውን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ማዘጋጀት ይገባል፤

1ኛ/ ሕመሙ መቼና እንዴት እንደ ጀመረ። ቀኑ ባይታወቅ «ከፋሲካ በኋላ» ማለት ይበቃል። እንቅልፉ፥ ምግቡና ሥራው እንዴት እንደ ተለወጠም ይጻፍ።

2ኛ/ የተወሰደው መድኃኒት ሁሉ። ክኒኑን ከነማሸጊያው ይዞ መምጣት ይሻላል። የባህል መድኃኒት፥ መጠጥና ጫትም አይሸሸጉ።

3ኛ/ ሌላ ደዌ እንዳለ፤ ይኸውም የሚጥል በሽታ፥ በራስ ላይ የደረሰ አደጋ፥ ወይም የእንቅርት ሕመም ነው። የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲዛባ ድብርት ወይም ጭንቀት ሊያመጣ ስለሚችል፥ ሐኪሙ የደም ምርመራ ቢያዝ አያስደንቅም።

4ኛ/ በቤተ ዘመድ ተመሳሳይ ሕመም እንደ ነበረ፤ ሴትም ብትሆን እርጉዝ ወይም አራስ መሆኗ።

ሐኪሙ ሕመምተኛውን ለብቻው ለማነጋገር ቢፈልግ ዘመድ ቅር አይበለው። «ራስህን ለመግደል አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ ቢጠይቅም መጠየቁ ሐሳቡን አይፈጥረውም፤ የተሸከመውን እንዲያወጣ ይረዳዋል እንጂ። ነገር ግን ሕመምተኛው ራሱን ወይም ሌላውን ለመጉዳት ቢያስብ፥ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ለብቻውም አይተው።

ጸበል የሚጠመቀውን ሰው ጸበሉን ይተው አንልም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ። ክኒኑን ግን ሐኪሙን ሳያማክር አያቋርጥ። የድብርት መድኃኒት ሥራው የሚታወቀው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስለሆነ፥ በሦስተኛው ቀን «አልረዳኝም» ብሎ መተው ስሕተት ነው።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የአእምሮ ሐኪሞች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲሠለጥኑ ቆይተዋል፤ ስለዚህ የአገሩን ቋንቋና ልማድ ለሚያውቅ ሐኪም ነገሩን መግለጥ አያስቸግርም።

እናንተም መምህራን ሆይ፥ መጻፍ የማይችል የተማሪ ወላጅ ቢያጋጥማችሁ አብራችሁት ተቀምጣችሁ ይህን ወረቀት ጻፉለት። በክፍል ያያችሁትንም ጨምሩበት፤ ወረቀቱንም አጥፋችሁ ለእርሱ ስጡት፥ ለሌላ ሰውም አታውሩ።