ማሽን ያፈረሰው የጓሮ አጥር በማን ይተካል?

ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ በገጠር የመንገድ፣ የመስኖ ቦይና የመጠጥ ውኃ መስመር ሥራ የሚፋጠንበት ነው። አርሶ አደሩ መንገዱንም ውኃውንም ይፈልጋቸዋል። ይሁን እንጂ ዶዘርና ኤክስካቫተር በሚገቡባቸው ቀበሌዎች የጓሮ አጥር ፈረሰብኝ የሚል ቅሬታ ይነሳል። ቅሬታው ተመልሶ ለሚበቅል ቅጠል የቀረበ ተደርጎ ስለሚታይ ብዙ ጊዜ ሰሚ አያገኝም።

የአጥሩ ጥቅም ግን ከቅጠል በላይ ነው። ሰንሰል መራራ በመሆኑ ከብት አይደፍረውም፤ ቅንጭብና ቁልቋል በወተታቸው፣ ኮሽምና ቀጋ በእሾሃቸው ጓሮ ይጠብቃሉ። አጥሩ የሚፈርሰው ደግሞ አዝመራ ተሰብስቦ ከብት በልቅ በሚሰማራበት በበጋ ነው። በአንድ ሌሊት የገባ መንጋ የወራት የሽንኩርት፣ የጎመንና የጌሾ ልፋት ያጠፋል። አጥሩ የይዞታ ወሰንም ስለሆነ ከተነቀለ በኋላ ጎረቤታሞች በድንበር ይካሰሳሉ።

ሁለቱን ጉዳይ መለየት

ለመፍትሔው መጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው አጥሩ የት ቦታ እንደነበረ ነው። ለመንገዱ ወይም ለቦዩ በተወሰነው ክልል ውስጥ የነበረ ከሆነ ጉዳዩ የካሳ ነው። በ1987 ዓ.ም የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንደሚከፍል ይደነግጋል። ዝርዝሩ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 እና በማሻሻያው ይገኛል። ስለዚህ ዶዘሩ ከመግባቱ በፊት አጥሩ መቆጠርና መገመት አለበት።

ማሽኑ ከተሰጠው ክልል ወጥቶ ሲዞር፣ አፈር ሲደፋ ወይም አቋራጭ ሲያወጣ ያፈረሰው አጥር ግን ሌላ ነው። ይህን የሚክሰው ጥፋት ያደረሰው ሥራ ተቋራጭ ነው። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ኪሣራውን እንዲከፍል ያስገድዳል። ኦፕሬተሩ በሥራው ላይ ሳለ ላጠፋው ቀጣሪው እንደሚጠየቅ ቁጥር 2130 ያመለክታል። በራሱ ኃላፊነት የሚሠራ ተቋራጭ ላደረሰው ጥፋት ግን አሠሪው እንደማይጠየቅ ቁጥር 2134 ይገልጻል። ይህ ማለት ወረዳው እጁን ያጣጥፍ ማለት አይደለም። ተቋራጩን ጠርቶ ማነጋገር፣ ባለሙያ መመደብና ሰነድ መያዝ ከእርሱ ይጠበቃል።

ማስረጃው በዕለቱ

ጉዳቱ እንደደረሰ ቦታው ሳይነካካ በስልክ ፎቶ ይነሳ። የማሽኑ የሰሌዳ ቁጥር፣ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍ። የቀበሌው መሬት አስተዳደር ኮሚቴና የግብርና ልማት ሠራተኛው በተገኙበት የፈረሰው ርዝመት በሜትር ይለካ፤ የተክሉ ዓይነትና ዕድሜው ይመዝገብ። ቃለ ጉባኤው ላይ የተቋራጩ ተወካይም ቢፈርም መልካም ነው፤ እምቢ ካለ እምቢታው ይጻፍ።

ግምቱ የችግኝ ዋጋ ብቻ መሆን የለበትም። ለምሳሌ 20 ሜትር የሰንሰል አጥር በሁለት ረድፍ፣ በየ25 ሳንቲ ሜትሩ መልሶ ለመትከል በረድፍ 80፣ በድምሩ 160 ያህል ቁርጥራጭ ያስፈልጋል። የመትከያ ጉልበቱ፣ ሕያው አጥሩ እስኪደርስ የሚቆመው የእሾህ አጥርና ከብት የበላው አትክልትም በሂሳቡ ይገባሉ።

አቤቱታው በጽሑፍ ለተቋራጩ፣ በግልባጭ ለአማካሪ መሐንዲሱና ለወረዳው ይቅረብ። ጊዜው ወሳኝ ነው። ሥራው ተጠናቅቆ ርክክብ ሳይፈጸምና ቀሪ ክፍያ ሳይለቀቅ የቀረበ ቅሬታ ይደመጣል። ማሽኑ ከወጣ በኋላ የሚነሳ አቤቱታ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ነው። ያም ሆኖ በፍርድ ቤት የመክሰስ መብት በዚያ አያበቃም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ የሁለት ዓመት ጊዜ አለ። በሽማግሌ የተስማማም ስምምነቱን በጽሑፍ ያድርግ፤ ገንዘቡን ሳይቀበል “ተከፍሎኛል” ብሎ አይፈርም።

የተጎዳውን ማዳን

የተሰበረ አጥር ሁሉ ይነቀል ማለት አይደለም። የተቦጨቀ ቅርንጫፍና ሥር በሹል መሣሪያ እኩል ተቆርጦ፣ የተጋለጠው ሥር ወዲያው በእርጥብ አፈር ይሸፈን። ሥሩ የቀነሰ ተክል ብዙ ቅጠል መሸከም ስለማይችል ከላይ ይከርከም፤ ውኃም ይጠጣ። ሰንሰል፣ ወይራና ክትክታ ከጉቶ ያቆጠቁጣሉ። ጽድ ግን ቅጠል አልባ ከሆነ ግንዱ መልሶ ስለማያቆጠቁጥ በአዲስ ችግኝ ይተካል፤ ገማቹ ባለሙያም ይህን ልዩነት ማወቅ አለበት።

ቁርጥራጭ መትከያው ጊዜ የክረምቱ መግቢያ ነው። የቅንጭብ ቁርጥራጭ ጥላ ሥር ጥቂት ቀን አርፎ ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ሲተከል አይበሰብስም። ወተቱ ዓይን የሚያጠፋ በመሆኑ ሕፃናት እንዳይነኩት ይጠበቁ።

ከሁሉ የሚሻለው አስቀድሞ መነጋገር ነው። ወረዳው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተቋራጩን፣ አማካሪውንና ባለይዞታዎችን ይዞ መስመሩን በእግር ይቃኝ፤ ችካል ያስተክል፤ የማሽን መዞሪያና የአፈር መድፊያ ቦታ ይወስን፤ ያሉትን አጥሮች በፎቶ ይያዝ። ካሳ ተከፍሎበት የሚነሳ አጥር ያለው አርሶ አደርም ለአዲሱ መስመር የሚሆነውን ቁርጥራጭ ዶዘሩ ሳይደርስ ቆርጦ በጥላና በውኃ ያቆይ። በዚህ መንገድ ልማቱም ሳይጓተት፣ ጓሮውም ሳይራቆት ይቀጥላል።