የተደፈነው ጉድጓድ
ክፍል 4

ባለፈው ሳምንት፦ ሰኔ ላይ ትራክተር ጉድጓዷን ያፈረሰባትን ጸጉራም ሸረሪት መምህሩ ከኮኪት ማሳ አምጥቶ በተከራየበት ግቢ በሣጥን ማኖር ጀመረ። መስከረም ላይ ወንድ ተገኘላትና ተጠቃች። ከገላባት ማዶ ገዥ አለኝ የሚል ነጋዴም ወሬዋን ሰማ።

ጉድጓዷ ከተደፈነ ሳምንት አለፈው። ከጓንግ አሸዋ ጋር በተደባለቀው ዋልካ ውስጥ የቆፈረችውን ዋሻ አፉን በነጭ ድር ጥርቅም አድርጋ ዘግታ፣ የጣሉላትን ፌንጣ ሳትነካ ከውስጥ ቀርታለች።

ከአያቷ ጋር በግቢው የምትኖረው ልጅ ከጥናቷ በተነሳች ቁጥር በእጅ ባትሪ ሣጥኑን ሳታይ አትተኛም።

«ቲቸር፣ ልትወልድ ነው አይደል?»

«ወይ እንቁላል ልትጥል ነው፣ ወይ ቆዳ ልትቀይር። ለሁለቱም በሯን ትዘጋለች።»

«ብትቀይርስ ምን አለበት? ታድግ የለ?»

መምህሩ ቶሎ አልመለሰላትም። ሴቷ የተቀበለችውን ዘር ወዲያው አትጠቀምበትም፤ በሆዷ ባለ ከረጢት ለወራት ታቆየዋለች። ቆዳ ስትቀይር ግን የከረጢቱ ሽፋን አብሮ ይወልቃል፣ ዘሩም አብሮት ይሄዳል። ከዚህ ወገን ሃያ ዓመት የሚኖሩ ሴቶች አሉ። ወንዱ ግን ለአቅመ አዳም ከደረሰ በኋላ ዕድሜው የወራት ነው። የእሷም ባል ጥቅምት ሳያልቅ ሞቷል።

ልጅቷ ያን የመስከረም ማታ አትረሳውም። ወንዱ ከጉድጓዱ አፍ ቆሞ መሬቱን በእግሮቹ ጠበጠበ። ዝም። ደግሞ ጠበጠበ፤ ሴቷ ከውስጥ መለሰችለት። ከዚያ ወጥታ ክራንቻዋን ገልጣ ተነሳችበት። እሱ ግን አልሸሸም፤ በፊት እግሮቹ ደግፎ ሽቅብ ገፋትና በአፉ ግራና ቀኝ ያሉትን፣ ጫፋቸው ያበጠውን አጫጭር እጆቹን እያፈራረቀ ከሆዷ ሥር ሰደደ። መምህሩ ካርቶን ይዞ ከላይ አጎንብሶ ነበር፤ ከተጠቃች በኋላ ባሏን ልትበላው ትችላለችና። ወንዱ ፈትለክ ብሎ ሲወጣ፣ ልጅቷ እስትንፋሷን ይዛ መቆየቷን ያወቀችው ያኔ ነው።

ቅዳሜ ነጋዴው መጣ። ውጭ ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ አያቷ ከዳሱ ሥር ቡና ይቆላሉ።

«መምህር፣ ያረገዘችውን ነው የምፈልገው። ዋጋውን ራስህ ጥራ።»

«የዱር እንስሳ ናት። ያለ ፈቃድ ከአገር አላወጣትም።»

«ሸረሪት'ኮ ናት!»

«ትሁን። ዛሬ አንዷ ተሸጠች ከተባለ ነገ የቀን ሠራተኛው ሳሉግ ሁሉ ዶማ ይዞ ጉድጓድ ለጉድጓድ ይዞራል። እናቲቱን ከነእንቁላሏ ቆፍረው ካወጧት በኋላ ለዚህ ምድር ምን ይተርፈዋል? እኔ የማረባት የዱሮቹ እንዲተዉ ነው።»

ነጋዴው ሲኒውን ሳይጨርስ ተነሳ። አያቷ የሚቆሉትን ቡና አቆሙ።

«ለመሆኑ ስንት ይሰጣሉ?» አሉ።

ማንም አልመለሰላቸውም።

የዚያን ማታ መምህሩ ለልጅቷ የከረጢቱን ሌላ ምስጢር ነገራት። ፈረንሳዊው ኤውጀን ሲሞን እ.ኤ.አ. በ1903 ሎክሶፕቲገስ ብሎ ስም ያወጣለት ወገን አለ፤ የሚታወቁት ሦስት ዝርያዎቹ ሦስቱም የኢትዮጵያ ብቻ ናቸው። «የኛዋ ከእነሱ ትሁን ከሌላ፣ ከወለቀው ቆዳ ውስጥ የከረጢቱን ቅርጽ አይቶ አዋቂ ሊለየው ይችላል። ብትቀይርም ሁሉን አናጣም» አላት። ራሱን ሲያጽናና ሰማችው።

ሊነጋጋ ሲል ልጅቷ በሩን ደበደበች። «ቲቸር! ክዳኑ ተከፍቷል!»

ድሩ ተቀዷል። ከሣጥኑ ጥግ በጀርባው የተንጋለለ ነገር አለ፤ ስምንት እግር፣ ጸጉሩ፣ ክራንቻው ሳይቀር። ልጅቷ አፏን ያዘች። መምህሩ በወረንጦ ቀስ አድርጎ አነሳው፤ ባዶ ነው። ቆዳ። የመስከረሙ ዘር በሙሉ በዚህ እርጥብ ቆዳ ውስጥ ቀርቷል። ሸረሪቷ ግን የለችም። ክዳኑ ላይ ይጫን የነበረው ድንጋይም አልወደቀም፤ አንድ ሰው ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቆ ወለሉ ላይ አስቀምጦታል።

«ገና እርጥብ ነው» አለ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። «ከወጣች ብዙ አልቆየችም። አሁን ገላዋ ሊጥ ነው፣ ክራንቻዋ እንኳ ነጭ ነው። በፌስታል ጠቅልሎ መኪና ላይ የጫናት ሰው ገላባት ሳይደርስ ይገድላታል።»

ልጅቷ በባዶ እግሯ ወደ ግቢው በር ሮጠች፣ ወዲያው ተመለሰች።

«ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው!»

መምህሩ ወደ ማድቤቱ ዞረ። በዚህ ሰዓት ኩራዝ በርቶበታል። ከውስጥ የአያቷ ድምፅ ዝግ ብሎ ተሰማ።

«አንተ ልጅ፣ ወዲህ ና። እሷን እዚያው ተዋት፤ ብቻህን ና።»

ይቀጥላል