ዲፍሎክ መሬት አይፈጥርም፦ ስለ ዲፈረንሻል መቆለፊያ ተረትና እውነታ

ክረምት ሲገባ ከመቂ እስከ ቡልቡላ ባለው መስመር፣ ከአስፋልቱ ወደ ሽንኩርትና ቲማቲም ማሳ የሚታጠፉት የገጠር መንገዶች መኪና መያዝ ይጀምራሉ። ጭቃ የያዘው አይሱዙ ዙሪያ ሰው ይሰበሰባል። አንዱ ድንጋይ ይሸከማል፣ ሌላው ቅጠል ይቆርጣል፣ ሦስተኛው ደግሞ ቆሞ «ዲፍሎክ ቢኖረው ኖሮ ይሄኔ ባቱ ገብተን ነበር» ይላል። ይህ ሰው የሚናገረው አንዳንዴ ልክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ልክ አይደለም። የትኛው ጊዜ ልክ እንደሆነ ለመለየት ከእቃው ሥራ መጀመር ይሻላል።

መኪና ሲታጠፍ በውጭ በኩል ያለው ጎማ በውስጥ በኩል ካለው የበለጠ ርቀት ይጓዛል። ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅደው ዲፈረንሻሉ ነው። መቆለፊያው ይህን ፈቃድ ይነሳና ግራና ቀኙ እኩል እንዲዞሩ ያስገድዳል። ከዚህ ያለፈ ሥራ የለውም፤ ተረቶቹ ሁሉ የሚነሱት ከዚህ በላይ ሲጠበቅበት ነው።

ተረት፦ «ፎር ዊል ካስገባሁ አራቱም ጎማ ይጎትታል።»

እውነታ፦ ፎር ዊል የሚያገናኘው የፊትና የኋላ አክስልን ነው። በየአክስሉ ያለው ግራና ቀኝ ግን አሁንም በክፍት ዲፈረንሻል ነው የሚሠራው። አንድ የፊት ጎማና በሰያፍ ያለው አንድ የኋላ ጎማ አየር ላይ ሲንጠለጠሉ፣ መሬት የረገጡት ሁለቱ ዝም ብለው ይቆማሉ። ቦይ በሰያፍ ሲሻገሩ ፎር ዊል የገባለት መኪና ድንገት የሚቆመውም በዚህ ምክንያት ነው።

ተረት፦ «ከጎማው መሃል ያለውን ወደ ሎክ ካዞርኩት ዲፍሎክ ገባ ማለት ነው።»

እውነታ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በላንድክሩዘር ሃርድቶፕ የፊት ጎማዎች መሃል ላይ «ፍሪ» እና «ሎክ» የሚል በእጅ የሚዞር ሀብ አለ። ሥራው የፊት ጎማውን ከአክስሉ ጋር ማያያዝ ብቻ ነው። ሀቡ ፍሪ ላይ ከሆነ ፎር ዊል ቢገባም የፊት ጎማዎች አይነዱም፤ ሎክ ላይ ሲሆን ይነዳሉ፣ ዲፈረንሻሉ ግን ክፍት እንደሆነ ይቀራል። የመሃል መቆለፊያም እንዲሁ ያሳስታል። ሁልጊዜ በአራት ጎማ በሚሄዱ እንደ ፕራዶ ባሉ መኪኖች ላይ የሚገኘው ይህ መቆለፊያ ፊትን ከኋላ እንጂ ግራን ከቀኝ አያስርም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ሥዕል ማየት ይረዳል፤ የኤክስ ምልክቱ በሁለቱ አክስሎች መካከል ከሆነ የመሃል መቆለፊያ ነው፣ የኋላው አክስል ላይ ከሆነ ደግሞ የኋላ ዲፍሎክ ነው።

ተረት፦ «ክፍት ዲፈረንሻል ኃይሉን ሁሉ ለሚሽከረከረው ጎማ ይሰጣል።»

እውነታ፦ ክፍት ዲፈረንሻል የማዞር ኃይልን ለሁለቱም እኩል ነው የሚያካፍለው። ጣጣው የመጣውም ከዚሁ እኩልነት ነው። ለምሳሌ ጭቃ ላይ ያለው ጎማ ሳይንሸራተት መሸከም የሚችለው ግፊት 100 ኪሎ ብቻ ነው እንበል። ደረቅ መሬት የረገጠው ጓደኛው 800 ኪሎ መሸከም ቢችልም የሚደርሰው ያው 100 ነው። ድምሩ 200 ይሆንና መኪናው አይነቃነቅም። ሲቆለፍ ግን እያንዳንዱ መሬቱ የፈቀደለትን ያህል ይገፋል፤ ድምሩ 900 ይሆናል። የእጅ ፍሬን የኋላ ጎማዎችን በሚይዝበት መኪና ላይ ፍሬኑን ትንሽ ሳብ አድርጎ በዝግታ መሞከር አንዳንዴ የሚሠራውም በዚሁ ሂሳብ ነው። በባዶ የሚሽከረከረው ጎማ ሲከብደው፣ የቆመውም የዚያኑ ያህል ይደርሰዋል። የአዳዲስ መኪኖች ትራክሽን ኮንትሮል የሚሽከረከረውን ጎማ ለብቻው ፍሬን እየያዘ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ተረት፦ «ዲፍሎክ ያለው መኪና የትም አይያዝም።»

እውነታ፦ ያንኑ ሂሳብ ሁለቱም ጎማዎች ጭቃ ላይ ሲሆኑ እንሥራው። ክፍት ሲሆን 100 እና 100፣ ሲቆለፍም 100 እና 100 ነው። መቆለፊያው የሚያተርፈው በሁለቱ ጎማዎች መሬት መካከል ልዩነት ሲኖር ብቻ ነው።

የአብያታ ሐይቅ ዳርቻ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሐይቁ እየሸሸ የተወው ሜዳ ከላይ ነጣ ያለና የደረቀ ይመስላል። በእግር ሲረግጡት ይሸከማል፤ ከሁለት ቶን በላይ የሆነ መኪና ሲወጣበት ግን ቅርፊቱ ይሰበርና ከሥሩ ያለው ለስላሳ ጭቃ አራቱንም ጎማ እኩል ይውጣል። ሆዱ መሬት የነካ መኪና ደግሞ ክብደቱ ከጎማው ላይ ስለሚነሳ፣ አካፋና ጎታች እንጂ ዲፍሎክ አያድነውም። እዚያ አዋቂነቱ ዳር ላይ አቁሞ በእግር መሄድ ነው። መረሬ አፈርም ሲረጥብ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ለስላሳ ያደርገዋል፤ ሁለቱ ጎማ አብረው ቢዞሩም አብረው ይንሸራተታሉ።

አሸዋ ላይ ከመቆለፊያው በፊት የሚቀድመው የጎማ ንፋስ ነው። በአስፋልት 35 ፒኤስአይ የነበረውን ወደ 20 ገደማ ዝቅ ማድረግ ጎማው መሬት የሚነካበትን ስፋት ይጨምርለታል። ይሁንና ከባቱ በስተደቡብ ባለው የአሉቶ ተራራ ላይ ይህ ጥንቃቄ ይሻል። የተራራው አፈር ፑሚስ የሚባለው ቀላል ድንጋይ ብቻ አይደለም፤ እንደ መስታወት የሚቆርጠው ጥቁር ባልጩትም አለበት። ንፋሱ የቀነሰ ጎማ ጎኑ ስለሚወጠር ለባልጩቱ ይጋለጣል። አስፋልት ሲደርሱ መልሶ ማስነፋትም ግድ ነው።

ተረት፦ «መኪናው ከተያዘ በኋላ ዲፍሎኩን አስገብቶ ነዳጅ መስጠት ነው።»

እውነታ፦ ጊዜው ከመያዙ በፊት ነው። አስቸጋሪውን ቦታ ከሩቅ ዓይቶ፣ መኪናውን አቁሞ፣ መሪውን አቅንቶ፣ ጎማ በማይሽከረከርበት ሰዓት ይገባል። አንዱ ጎማ በባዶ እየዞረ ቁልፉን መጫን የመቆለፊያውን ጥርሶች ያጋጫል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ገና አልያዘም ማለት ነው፤ ትንሽ ወደፊት ፈቀቅ ማለት ያስይዘዋል። ከዚያ በኋላ በፎር ሎው፣ በዝግታ መሄድ ነው። የቶዮታ መመሪያዎች ዲፍሎክ ገብቶ ሳለ ከ8 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ እንዳይነዳ ያስጠነቅቃሉ። ነዳጅ መርገጥ የሚጎዳበት ሌላም ምክንያት አለ። በክፍት ዲፈረንሻል አንድ የአክስል ዘንግ የሚሸከመው የአክስሉን ኃይል ግማሽ ነው፤ ሲቆለፍና አንዱ ጎማ አየር ላይ ሲሆን ግን ኃይሉ በሙሉ በአንዱ ዘንግ ያልፋል። ዘንግ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው።

ተረት፦ «ገብቶ ቢቆይ ምን ይጎዳል?»

እውነታ፦ አስፋልት ላይ ጎማ ተንሸራትቶ ልዩነቱን ማካካስ ስለማይችል ጎማው ይፋጫል፣ አክስሉ ይጨነቃል፣ መኪናው አልታጠፍም ብሎ ወደፊት ይገፋል። የፊት ዲፍሎክ ሲሆን መሪው ጭራሽ ይከብዳል። በብዙ መኪኖች ደግሞ ዲፍሎክ ሲገባ ኤቢኤስ ሥራውን ያቆማል። ከሁሉ የሚያሰጋው በጎን ያጋደለ እርጥብ ዳገት ነው። ዲፈረንሻሉ ክፍት ሲሆን አንዱ ጎማ ቢንሸራተትም ሌላው መሬቱን ይዞ መኪናውን ከጎን መንሸራተት ሊያግድ ይችላል። ሲቆለፍ ሁለቱም አብረው ስለሚለቁ የመኪናው ኋላ ወደ ቁልቁሉ ይሄዳል። ስለዚህ እንቅፋቱ እንዳለፈ ማውጣት ነው። አልወጣም ካለ መሪውን አቅንቶ ትንሽ ወደኋላ መመለስ ብዙ ጊዜ ያላቅቀዋል።

ተረት፦ «ዲፍሎክ የውድ መኪና ቅንጦት ነው።»

እውነታ፦ ለባቱ ገበሬ ቅርቡ ዲፍሎክ ትራክተሩ ላይ ነው ያለው። አዳማ ለረጅም ዓመታት ትራክተር ሲገጣጠምባት የኖረች ከተማ ናት፤ የእርሻ ትራክተር ደግሞ በአብዛኛው ከዲፍሎክ ጋር ነው የሚመጣው፣ ብዙዎቹ ላይም በተረከዝ የሚረገጥ ፔዳል ነው። ሲያርሱ አንዱ ጎማ ፈር ውስጥ፣ ሌላው ያልታረሰ መሬት ላይ ስለሚሄድ የመሬት ልዩነት የዕለት ሥራቸው ነው። ከባድ ሲኖትራኮችም መቆለፊያ አላቸው። አትክልት የሚያመላልሰው ቀላል አይሱዙ ግን በአብዛኛው በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳና መቆለፊያ የሌለው ነው።

በጨረታ የወጣ መኪና ሲገዙ ሻጭ «ዲፍሎክ አለው» ካለ በአፍ አይበቃም። «ኤልኤስዲ» የሚል ጽሑፍም ማስረጃ አይደለም፤ እሱ መንሸራተትን ይቀንሳል እንጂ አይቆልፍም። መካኒክ ባለበት የፊት ጎማዎችን በድንጋይ አግዶ፣ ሀቦቹን ፍሪ አድርጎ፣ የኋላውን አክስል አንስቶ ማቆሚያ ላይ ማሳረፍ። ካምቢዮው ዜሮ ላይ ሆኖ፣ የእጅ ፍሬኑ ተለቆ፣ አንዱን ጎማ በእጅ ማዞር። ሌላው ወደ ተቃራኒው ከዞረ ክፍት ነው። ከዚያ ቁልፉን አብርቶ፣ በፎር ሎው ዲፍሎኩን አስገብቶ እንደገና ማዞር። አሁን ሁለቱ ወደ አንድ አቅጣጫ አብረው ከዞሩ መቆለፊያው አለ፣ ይሠራልም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሹፌር ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ከመኪናው ወርዶ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ በዚህ አክስል ላይ ካሉት ጎማዎች ቢያንስ አንዱ የሚይዘው መሬት አለው? ካለው ዲፍሎክ ያወጣዋል። ከሌለው ንፋስ መቀነስ፣ መቆፈር፣ ድንጋይ መነስነስ ወይም በመጡበት መመለስ ነው፤ ድንጋይ የሚሸከመውን ሰው ማገዝም የዚያን ጊዜ ነው።