የቅኔ አስቸጋሪነት ከየት ይመነጫል?

ስለ ግዕዝ ቅኔ ስንነጋገር ትኩረታችን ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በተጠናቀቀው ሥራ ፍቺ ላይ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመለከተው ከፍቺው የሚቀድመውን፣ የመቀኘቱን ድካም ነው።

የቅኔ ተማሪ የመጀመሪያ ልምምድ ቆጠራ ይባላል። በዚህ ደረጃ ከምሥጢር ይልቅ የሚፈለገው የምጣኔና የቤት አመታት ትክክለኛነት ነው። ቀጥሎ ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማና በሥላሴ በኩል ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይዘልቃል። የቤቱ መብዛት ግን ከችግሩ ትንሹ ነው።

ዋናው ችግር ሰሙና ወርቁ በአንድ ማሰሪያ አንቀጽ መታሰራቸው ነው። ተማሪው ዝናምን ሰም፣ ጸጋን ወርቅ አደረገ እንበል። «ወረደ» የሚለው ግስ ለሁለቱም ይስማማል፤ ማንም የሚደርስበት በመሆኑ ግን መምህሩን አያስደንቅም። «አርጠበ» ቢል ሰሙ ይቀናል፣ ወርቁ ይሰናከላል፤ «ቀደሰ» ቢል ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ገበሬ፣ ማሳና ዘር ሲጨመሩ እያንዳንዳቸው በጸጋው በኩል አቻ ይሻሉ። አንዱ አቻ ቢያጣ ቀድሞ የተሠራው ሁሉ ይናጋል። የተገኘው ቃል በምጣኔው ካልገባም ፍለጋው እንደገና ይጀመራል።

ተማሪው ይህን ሁሉ የሚያሰላስለው ለብቻው ተቀምጦ፣ በአብዛኛው በቃሉ ነው። በነገራ ጊዜ ለመምህሩ ያሰማል፤ መምህሩም አገባቡን ያቃናል፣ ቃል ይለውጣል፣ አንዳንዴም ሁሉንም ይጥለዋል። በእኔ አስተያየት የትምህርቱ ትልቁ ሀብት ይህ እርማት ነው። የታተሙ መድብሎች የሚያቆዩልን የጸደቀውን እንጂ የተጣለውን አይደለም።

ግዕዝን አፍ የፈታበት ሕዝብ ዛሬ የለም። ሆኖም በአገልግሎት ላይ የሚቀርብ ቅኔ አዲስ እንዲሆን ስለሚጠበቅ ቋንቋው በየበዓሉ አዲስ ዐረፍተ ነገር ይወልዳል። ንባብና ዜማ የተወረሰውን ይጠብቃሉ፤ ቅኔ ሰዋስዉን ሥራ ላይ ያውለዋል። ለሥነ ልሳን ተመራማሪ ይህ ቀላል ማስረጃ አይደለም።

መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትረካ መዝግበው በ1959 ዓ.ም. በማሳተማቸው የአንድ ሊቅ ሕይወት ከነለዛው ተርፎልናል። ለነገራም ተመሳሳይ ሥራ ያስፈልገዋል፦ በመምህሩና በተማሪው ፈቃድ፣ የተጣለው ቅኔ ከታረመው ጎን፣ የተጣለበትም ምክንያት በመምህሩ አንደበት ይቀዳ።