አንቶኔሊ በአምባሰል

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በአምባሰል፣ ውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ ላይ የውጫሌን ውል ሲዋዋሉ፣ ጣሊያንን ወክሎ የቀረበው ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ነበር። ስለ ውሉ ብዙ ተጽፏል። ስለ ሰውየው የቤተሰብ ስም ግን የሚያነሳ አላጋጠመኝም፤ የሚያስተምረው ነገር አለ።

የስሙ ግንድ አንቶኒዮ ነው። ጣሊያኖች ሲያቆላምጡት አንቶኔሎ ይላሉ፤ አንቶኔሊ ሲሆን እኛ «እነ አንቶኔሎ» እንደምንለው ነው። ልጆች በአባታቸው ተጠሩ፤ የልጅ ልጆችም ስሙን ሳይለውጡ ወረሱት። እ.ኤ.አ. በ1563 የትሬንቶ ጉባኤ አጥቢያዎች ጥምቀትንና ጋብቻን በመዝገብ እንዲይዙ ማዘዙም እንዲህ ያሉ ስሞችን አጸና። አንቶኒዮ እጅግ የተወደደ ስም ስለሆነ ግን አንቶኔሎ የተባለ ሰው በየአገሩ ነበረ። ስለዚህ በመካከለኛው ጣሊያን በብዛት የሚገኙት አንቶኔሊዎች ሁሉ ዘመዳሞች አይደሉም።

ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የጸና ስም፣ ወንድ ልጅ ከአባቱ ብቻ የሚወርሰውን የዋይ ክሮሞዞም ጉዞ ይመስላል። የዘረመል ተመራማሪው ሉዊጂ ሉካ ካቫሊ ስፎርዛ ይህን ያውቅ ነበር፤ ከቄሱ ከአንቶኒዮ ሞሮኒ ጋር የፓርማ ሸለቆን የአጥቢያ መዝገቦች አገላብጧል። የነዋሪው ደም ሲመረመር፣ በመንደርና በመንደር መካከል ያለው ልዩነት ሰው በሳሳባቸው ተራሮች ላይ ከሜዳው ይልቅ ሰፍቶ ተገኘ። ምክንያቱ ዕድል ነው። ጥቂት ቤተሰብ ባለበት መንደር አንዱ ወንድ ልጅ ሳይወልድ ቢሞት ስሙ ይጠፋል፤ ሌላው ስድስት ቢወልድ ስሙ መንደሩን ይሞላል። ዘረመሉም እንዲሁ ነው።

ትውልድን በስም መቁጠርን ወሎ ላይ እንሞክረው። ንጉሥ ሚካኤል ከመጠመቃቸው በፊት መሐመድ አሊ ነበሩ። በደሴ ትምህርት ቤት በስማቸው የሚጠራው ልጃቸው፣ ወይዘሮ ስህን ሚካኤል ናቸው። እሳቸው ከአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው የወለዷቸው ደግሞ እቴጌ መነን አስፋው። አሊ፣ ሚካኤል፣ አስፋው፤ ሦስት ትውልድ፣ ሦስት የአባት ስም። እርግጥ መነን ከአያታቸው የሚገናኙት በእናት በኩል ስለሆነ፣ ይህኛው ዝምድና በጣሊያን ሥርዓትም ከስም ይሰወር ነበር። በእኛ ዘንድ ግን ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያለ እስከ ሰባት ቤት ሲቆጥር በአባትም በእናትም ነው። በዚህ ረገድ ቆጠራችን ከቤተሰብ ስም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ገዳሙም የራሱ ቆጠራ አለው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሐይቅ እስጢፋኖስን ያቀኑት አባ ኢየሱስ ሞአ፣ በመነኮሳት የትውልድ ሐረግ በአቡነ አረጋዊ፣ በጳኩሚስና በመቃርስ አልፈው እንጦንስ ላይ ይደርሳሉ። እንጦንስ ደግሞ ጣሊያኖች አንቶኒዮ የሚሉት የግብፁ መናኝ ነው።

ዛሬ ባሕር ማዶ በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ አዲስ የቤተሰብ ስም እየተወለደ ነው። እዚያ ቅጹ የቤተሰብ ስም ስለሚጠይቅ፣ የአባት ወይም የአያት ስም ለልጅና ለልጅ ልጅ ይጸናል። አንዱ ወንድም የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ካስመዘገበ፣ የወንድማማቾች ልጆች በሁለት ስም ይለያያሉ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ስም ብቻ የሚቆጥር ተመራማሪም ባዕዳን ያደርጋቸዋል።